ነፋስና መለኪያው፤ የጎማ አነፋፍ ታሪክ ከደቻቱ ዳር ሲታይ

ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይና ስለ ሞተር በሙያችን መድረክ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። መኪናውንም ሆነ ቢስክሌቱን በመንገዱ ላይ ተሸክሞ ስለሚያስኬደው ነፋስ ግን ሲጻፍ ብዙ አይታይም። ጎማ ጭነትን የሚሸከመው በአብዛኛው በላስቲኩ ጥንካሬ ሳይሆን በውስጡ በታመቀው ነፋስ ግፊት መሆኑን ማንኛችንም እናውቃለን። እንግዲህ ያ ነፋስ በምን መሣሪያ ወደ ጎማው እንደሚገባና ልኩ በምን እንደሚታወቅ መመርመር ከመንገድና ከሞተር ጥናት የሚያንስ ጉዳይ አይደለም።

ይህ ጽሑፍ የጎማ አነፋፍን ታሪክ ከድሬዳዋ፣ በተለይም ደቻቱ ከሚባለው የአሸዋ ወንዝ ዳርና ዳር ሆኖ ይመለከታል። ጸሐፊው ሊያስረዳ የሚፈልገው ፍሬ ነገር አንድ ነው። ነፋስ የማስገቢያው መሣሪያ በየዘመኑ እየተሻሻለ ወደ ከተማይቱ ገብቷል፤ የነፋሱን ልክ የማወቂያው መሣሪያ ግን በዚያው መጠን አብሮት አልገባም። የዚህም ጉድለት ዋጋ የሚከፈለው በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሰው አካልና ሕይወት ጭምር ነው።

የብረቱ መንኮራኩር የቆመበት ስፍራ

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ዛሬ ድሬዳዋ ከምትባለው ስፍራ ደረሰ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ለመውጣት ያለው ተራራ እጅግ አስቸጋሪና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ በግርጌው ቆመ፤ አዲሲቱም ጣቢያ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። መስመሩ ከዚያ በቆላው በኩል ቀጥሎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከተማይቱን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ ሲሆን፣ በአንደኛው ወገን በፕላን የተሠራው ከዚራ፣ በሌላው ወገን ገበያ የደራበት መጋላ ይገኛሉ።

ይህን ታሪክ ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የባቡር መንኮራኩር ከብረት የተሠራ፣ በብረት ላይ የሚሽከረከር ስለሆነ ነፋስ አይሻም። ነገር ግን ሐዲዱ ተራራውን ባለመውጣቱ፣ ወደ ሐረር የሚሄደው መንገደኛና ዕቃ ከባቡሩ ወርዶ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በሌላ ማጓጓዣ መጓዝ ነበረበት። ይህ ማጓጓዣ በመጀመሪያ በቅሎና ግመል፣ በኋላም አውቶሞቢል ሆነ። በሌላ አነጋገር፣ ድሬዳዋ የብረቱ መንኮራኩር ሥራውን ለነፋሱ ጎማ የሚያስረክብባት ከተማ ሆነች ማለት ነው። የምድር ባቡሩ ዋና ማደሻ በዚያው መገኘቱ ደግሞ ብረት መቁረጥን፣ ማጠፍንና መበየድን የሚያውቅ የሰው ኃይል ለከተማይቱ አበርክቷል።

የነፋስ ጎማ አመጣጥ

በነፋስ የተሞላ ጎማ በመጀመሪያ የታሰበው ለአውቶሞቢል አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1845 የባለቤትነት መብት ያወጣበት «የነፋስ መንኮራኩር» ለፈረስ ሠረገላ የታሰበ ነበር። ከላይ ቆዳ፣ ከውስጥ ላስቲክ የተቀባ ሸራ ያለው ሲሆን፣ ነፋሱ የሚገባበት ቧንቧ በብሎን ክዳን ይዘጋ ነበር። ፈጠራው ጥሩ ሆኖ ሳለ ዘመኑ ስላልደረሰለት ተረሳ።

ከአርባ ዓመታት በኋላ፣ በቤልፋስት ከተማ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ የልጁ ባለ ሦስት እግር ቢስክሌት በድንጋይ መንገድ ላይ እንዳያንገጫግጨው በማሰብ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በመንኮራኩሩ ዙሪያ አሰረ። ያን ቱቦ የነፋውም በኳስ መንፊያ ነበር። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1888 አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1891 የፈረንሳዮቹ የሚሽላን ወንድማማቾች በቀላሉ ሊወልቅና ሊገጠም የሚችል የቢስክሌት ጎማ አወጡ፤ በ1895ም ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ በሚመለሰው እሽቅድምድም ላይ በነፋስ ጎማ የሚሄድ አውቶሞቢል አሰለፉ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ጎማውን ጠቃሚ ያደረገው ላስቲኩ ብቻ ሳይሆን ነፋሱን አስገብቶ የማያስወጣው ትንሽ በር፣ ማለትም ቫልቩ ነው። ዛሬ በመኪና ጎማ ላይ የምናየው የሽሬደር ቫልቭና በእሽቅድምድም ቢስክሌቶች ላይ የሚገኘው ቀጭኑ የፕሬስታ ቫልቭ፣ ሁለቱም መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1893 የወጡ የባለቤትነት መብቶች ናቸው። ከእነርሱ ቀደም ብሎ የተሠራውና ለተራ ቢስክሌቶች ለረጅም ዘመን ያገለገለው ሦስተኛው ዓይነት በደንሎፕ ስም የሚጠራው ነው። በዚህኛው ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ቀዳዳዋን ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይሸፍናታል። ከውጭ የሚገፋው ነፋስ ላስቲኩን ገልጦ ይገባል፤ ከውስጥ ያለው ነፋስ ደግሞ ላስቲኩን በቀዳዳው ላይ ተጭኖ ይዘጋዋል።

የእጅ ፓምፕና አውራ ጣት

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ የገቡት በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን በመላው ዓለም የመኪናም ሆነ የቢስክሌት ጎማ የሚነፋው በእጅ ፓምፕ ነበር። የፓምፑ አሠራር ቀላል ነው፤ በቱቦ ውስጥ የሚመላለስ በቅባት የራሰ የቆዳ ቆብ ወደ ታች ሲገፋ ከንፈሩ ተነፍቶ ነፋሱን ያምቃል፤ ወደ ላይ ሲሳብ ደግሞ ከንፈሩ ተሰብስቦ አዲስ ነፋስ ያስገባል። ቆዳው ከደረቀ ፓምፑ ይሞታል፤ ስለዚህ ዘይት ወይም ሞራ ይቀባል። ሲነፉ የፓምፑ አካል የሚሞቀው በመፋተግ ብቻ ሳይሆን፣ በይበልጥ የታመቀ ነፋስ ስለሚግል ነው።

በአገራችን የመሬት አቀማመጥ ይህ ቀላል መሣሪያ አንድ ልዩ ጠባይ ያሳያል። በባሕር ጠረፍ የከባቢ አየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲሆን፣ በድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ 88፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 77 ገደማ ነው። ፓምፑ በአንድ ግፊ የሚወስደው ነፋስ በዚሁ መጠን ስለሚሳሳ፣ አንድን የቢስክሌት ጎማ በጅቡቲ 25 ጊዜ ገፍቶ የሚሞላ ሰው፣ ያንኑ ጎማ በመለኪያ እኩል እንዲያሳይ ለማድረግ በድሬዳዋ ወደ 29፣ በአዲስ አበባ ወደ 33 ጊዜ መግፋት ይኖርበታል። የግፊዎችን ቁጥር እንደ ልክ የሚይዝ ሠራተኛ እንግዲህ ከቆላ ወደ ደጋ ሲዛወር ሳያውቀው ይሳሳታል ማለት ነው።

ድሬዳዋ ሜዳማ ከተማ በመሆንዋ ለቢስክሌት የተመቸች ናት። የቢስክሌት አዳሹም የነፋስን ልክ የሚያውቀው በአውራ ጣቱ ነው። ጎማውን በሁለት ጣቶቹ መካከል ይዞ ይጫነዋል፤ እንደ ልምዱም «በቃ» ወይም «ጨምር» ይላል። ይህን እንደ አላዋቂነት መቁጠር ስሕተት ነው። የደንሎፑ ቫልቭ ከውስጥ ወደ ውጭ ነፋስ ስለማያሳልፍ መለኪያ ቢሰኩበትም ትክክለኛውን ግፊት አያሳይም። ስለዚህ ጣት መለኪያ የሆነው መሣሪያው ሌላ መንገድ ስላልሰጠ ነው። የቢስክሌት ጎማ ጠባብና ስስ በመሆኑም ልምድ ያለው ጣት አብዛኛውን ጊዜ ከልኩ ብዙ አይርቅም።

ችግሩ የመጣው ይህ ልማድ ከቢስክሌት ወደ መኪና፣ ከመኪናም ወደ ከባድ ጭነት ተሽከርካሪ ሲሸጋገር ነው። በሽሬደር ቫልቭ ላይ መለኪያ መሰካት ይቻላል፤ ልማዱ ግን ቀድሞ ሥር ሰዷል። የጭነት መኪና ጎማ ለጣት አይበገርም። ስለሆነም ረዳቱ በብረት ወይም በዱላ መትቶ ድምፁን ያዳምጣል። በዚህ ዘዴ ፈጽሞ የተነፈሰ ጎማ ይለይ ይሆናል እንጂ፣ ከልኩ አንድ አምስተኛ የጎደለውን ሙሉ ከሆነው መለየት አይቻልም።

ቃላቱ የሚመሰክሩት

የዚህ ሙያ ታሪክ በጽሑፍ ብዙ ባይገኝም በቃላቱ ውስጥ ተቀምጧል። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ ክሪክ፣ ስኮርታ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የተገኙ ናቸው። የባለሙያው ስም «ጎሚስታ» ራሱ ከዚያው የመጣ ነው። የፋሺስት ጦር ድሬዳዋን በግንቦት 1928 ዓ.ም. ይዞ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. እስኪለቅ ድረስ ባሉት ዓመታት ብዙ የጭነት መኪናዎች በአገራችን መንገዶች ላይ ተሰማርተው ነበር። ወራሪው ሲወጣ ቃላቱና የእጅ ሥራው በአገሬው ሰው ዘንድ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1942 ጃፓን ማላያንና የኔዘርላንድስ ምሥራቅ ሕንድን በመያዟ የዓለም የተፈጥሮ ላስቲክ ምንጭ ደረቀ። አሜሪካ እንኳ ጎማ ለመቆጠብ ስትል የመኪና ፍጥነት በሰዓት ከ35 ማይል እንዳይበልጥ ደነገገች። ጎማ በማይገኝበት ጊዜ ለጣፊው ከሻጩ ይልቅ ይከበራል።

ቃላቱ ብቻ ሳይሆኑ የመለኪያ አሐዶችም ተደራርበው ገብተዋል። የፈረንሳይና የጣሊያን መኪናዎች መመሪያ በኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር፣ በኋላም በባር ይናገራል፤ የእንግሊዝና የአሜሪካው በፓውንድ በካሬ ኢንች፤ የሶቪየቱ እንደገና በኪሎ ግራም። ስለዚህ አንዱ ሾፌር «ሰባት» ሲል ሌላው «መቶ» ይላል፤ ሁለቱ ግን የሚናገሩት ስለ አንድ ግፊት ነው፤ 100 ፓውንድ በካሬ ኢንች 6.9 ባር ያህል ነውና። መለኪያ በእጁ የሌለው ሰው ቁጥሮቹን እንደ ስም ይይዛቸዋል እንጂ እንደ ልክ አይጠቀምባቸውም።

ከሞተር የሚገኝ ነፋስ

የሰው ክንድ በከባድ ጎማ ፊት አቅም ሲያንሰው መሐንዲሶች ወደ መኪናው ሞተር ፊታቸውን አዞሩ። አንደኛው ዘዴ ከሞተሩ ካንዴላዎች አንዱን ፈትቶ በስፍራው የፓምፕ ቱቦ መግጠም ነው። ሞተሩ በቀሩት ሲሊንደሮች እየሠራ፣ ካንዴላው የወለቀበት ሲሊንደር እንደ ፓምፕ ያገለግላል። እንደ ካዲላክ ያሉ አንዳንድ ውድ መኪናዎች ደግሞ በ1910ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሞተሩ የሚንቀሳቀስ የራሳቸው የጎማ መንፊያ ነበራቸው።

ይበልጥ የተስፋፋው ግን በነፋስ ፍሬን ምክንያት የመጣው ነው። ለፍሬኑ የሚያስፈልገውን የታመቀ ነፋስ የሚያመርት ኮምፕሬሰርና የሚያከማች ገንዳ ያለው ከባድ መኪና በማናቸውም በረሃ ውስጥ ረጅም ቱቦ ገጥሞ ጎማውን ሊነፋ ይችላል። በዚህም ሾፌርና ረዳት ከከተማ ርቀው ራሳቸውን ቻሉ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወረራ የባቡሩን መስመር ሲቆርጥና በነሐሴ ወር ድሬዳዋ ራሷ ስትጠቃ፣ ጭነቱን የተሸከመው ይኸው በጎማ የሚሄድ ተሽከርካሪ ነበር።

ከ1970 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በብዛት የገባው፣ ሕዝቡ «ኦራል» የሚለው የሶቪየት ወታደራዊ መኪና ደግሞ ነገሩን አንድ እርምጃ አራመደው። ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ መኪናው እየሄደ፣ የጎማዎቹን ነፋስ ሊቀንስና ሊጨምር ይችላል። የዚህ ጥቅም እንደ ደቻቱ ባለ የአሸዋ ወለል ላይ ግልጽ ይሆናል። ነፋሱ ሲቀነስ ጎማው ተነጥፎ ሰፊ መሬት ይይዛል፤ ክብደቱም ስለሚበታተን በአሸዋው አይሰጥምም። ወደ ጥርጊያው ሲመለስ ግን ያን ነፋስ መልሶ መሙላት ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ጎማው እየታጠፈ ይግላል። በዚህ መኪና ላይ መለኪያው ከነፋሱ ጋር አንድ ላይ፣ በሾፌሩ ዓይን ፊት ተቀምጧል። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ከዚህ ምሳሌ በላይ የሚገለጽበት የለም።

ጎሚስታውና ገንዳው

በዛሬው ጊዜ በድሬዳዋ ጎዳናዎች ላይ ብዙው ሥራ የባጃጅና የመኪና ሲሆን፣ ነፋሱም የሚገኘው በኤሌክትሪክ ከሚሠራ ኮምፕሬሰር ነው። ከፋብሪካ የመጡ አሉ፤ ከአሮጌ መኪና የፍሬን ኮምፕሬሰርና ከተበየደ በርሜል የተገጣጠሙም ይታያሉ። የኋለኞቹ የአገራችንን የእጅ ሙያተኛ ብልኅነት ያሳያሉ። ነገር ግን የነፋስ ገንዳ ተራ ዕቃ አይደለም። በታመቀ ነፋስ ውስጥ ያለው እርጥበት ከገንዳው ግርጌ ውኃ ሆኖ ይጠራቀማል፤ ብረቱንም ከውስጥ ይበላዋል። ውኃው በየጊዜው ካልተለቀቀ፣ ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው ቫልቭም ከሌለ ወይም ከተጣበቀ፣ ገንዳው ቀኑን እየጠበቀ ነው።

ስለ ራሱ ጎማም አንድ ስሌት እናቅርብ። ቁመቱ የታወቀው የጭነት መኪና ጎማ ውስጡ 140 ሊትር ያህል ይይዛል። 700 ኪሎ ፓስካል ሲነፋ በውስጡ የሚከማቸው ጉልበት፣ በድንገት ሲለቀቅ፣ 1,000 ኪሎ ግራም ጭነት 10 ሜትር ከፍ ለማድረግ ከሚያስፈልገው አያንስም። ቸርኬው ከአንድ ብረት የተሠራ ሳይሆን በቀለበት የሚያያዝ ከሆነ፣ ቀለበቱም ዝጎ ወይም በትክክል ሳይቀመጥ ቀርቶ ከተፈናጠረ፣ ያ ሁሉ ጉልበት በፊቱ ጎንበስ ብሎ በሚሠራው ጎሚስታ ላይ ያርፋል። በዚህ ምክንያት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው የሥራ ደኅንነት ደንብ፣ ባለ ቀለበት ቸርኬ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ እንዲነፋ፣ ቱቦውም ሠራተኛው ራቅ ብሎ ለመቆም እስኪችል ረጅም እንዲሆንና ራሱን ችሎ ቫልቩን የሚይዝ ጫፍ እንዲኖረው አስገድዳለች።

የተከማቸ ኃይል ጸጥ ብሎ ሲታይ አያስፈራም። ደቻቱም በበጋ ሰው የሚሻገርበት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሆኖም በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሌሊት የወረደው ጎርፍ በከተማይቱ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ለወንዙ ያለንን ጥንቃቄ ለታመቀ ነፋስም ልናደርግ ይገባል።

ቁልቁለቱ፣ ሙቀቱና የተሳሳተው ርኅራኄ

ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው መንገድ ለጎማ ከባድ ፈተና ነው። በቁልቁለቱ ፍሬን የሚያመነጨው ሙቀት በቸርኬው በኩል ወደ ጎማው ያልፋል፤ ታች ሲደርስም የቆላው አየር ይጠብቀዋል። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን ሲዳስስ ግሎ፣ ወጥሮም ያገኘዋል። «እንዳይፈነዳ» ብሎም ነፋስ ያስተነፍሳል። ይህ በሐሳቡ ርኅራኄ፣ በውጤቱ ግን ጉዳት ነው። ጎማው ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይሆናል፤ በሚቀጥለው ጉዞ ጎኑ አብዝቶ ይታጠፋል፤ በመታጠፉ ይበልጥ ይግላል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል። ሾፌሩም ጥፋቱን በነፋሱ ብዛት ያሳብባል፤ ምክንያቱ ግን የነፋሱ ማነስ ነበር።

የስሌቱን ውጤት በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። በአዲስ አበባ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 200 ኪሎ ፓስካል የተነፋ የቤት መኪና ጎማ፣ በ40 ዲግሪ በጅቡቲ ቢለካ ከዚያው 200 አካባቢ ይገኛል፤ የሙቀቱ ጭማሪና የከባቢው አየር መክበድ ይጣፋሉና። በ700 የተነፋው የጭነት መኪና ጎማ ግን ወደ 743 ይወጣል። በተቃራኒው፣ በጅቡቲ ሙቀት 700 ተነፍቶ አዲስ አበባ የደረሰው ጎማ፣ በጧቱ ብርድ ሲለካ 660 ገደማ ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ትክክለኛው ደንብ ጎማን ከጉዞ በፊት፣ ቀዝቃዛ ሳለ፣ በሚሄድበት አገር ጠባይ አስቦ መለካት፤ የጋለውንም ፈጽሞ አለማስተንፈስ ነው።

ዓይንም እንደ ጣት አታላይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1946 ሚሽላን የፈጠራ መብት ያወጣበት የራዲያል ጎማ ጎኑ ልስልስ በመሆኑ፣ በልኩ ተነፍቶም ቢሆን ከታች ያበጠ ይመስላል። በድሮው ዓይነት ጎማ የሠለጠነ ዓይን ይህን «ጎድሏል» ብሎ ያስጨምራል፤ በእውነት የጎደለውንም «ጠባዩ ነው» ብሎ ያልፋል። የጎማው ሥሪት በተራቀቀ ቁጥር የስሜት ሕዋሳት ፍርድ እየደከመ፣ የመለኪያ አስፈላጊነት እየጨመረ ሄዷል።

ለማኅበራችን የቀረበ ሐሳብ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ነፋስ የማስገባቱ ጥያቄ በድሬዳዋም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን የተፈታ መሆኑን ነው። የቀረው የመለካቱ ጥያቄ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ማኅበራችን በአቅሙ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በየከተማው ለጎሚስቶች የሚሠሩበት መለኪያ ትክክል መሆኑ በየጊዜው የሚመረመርበትን ዘዴ ማዘጋጀት፤ ሁለተኛ፣ በአገር ውስጥ ብየዳ በቀላሉ ሊሠራ የሚችል የመንፊያ ፍርግርግ ንድፍ አውጥቶ በነፃ ማደል፤ ሦስተኛ፣ የግፊት አሐዶችን ማነጻጸሪያና የቀዝቃዛ ጎማን ደንብ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ በአንድ ገጽ አሳትሞ በየሥራ ቤቱ ግድግዳ እንዲለጠፍ ማድረግ።

ጎሚስታው ከእኛ ትምህርት ቤት አልወጣም፤ ሥራውን ግን እኛ ካስላናቸው መንገዶችና መኪናዎች ነጥለን ልናየው አንችልም። የነደፍነው መንገድ ጸንቶ የሚያገለግለው፣ የገዛነው መኪና ደኅና የሚደርሰው፣ በእርሱ እጅ በሚገባው ነፋስ ነው። ክንዱን ኮምፕሬሰር ተክቶለታል፤ አሁን ደግሞ አውራ ጣቱን መለኪያ እንዲተካለት መርዳት የሙያ ባልደረባነት ግዴታችን ነው።